ሁለት የኢንተርኔት መስመር፣ አንድ ራውተር

ሁለት የኢንተርኔት መስመር የገቡለት ራውተር አንደኛው ሲቋረጥ ሥራውን በራሱ ወደ ሌላኛው ማዞር ይችላል። ባለሙያዎች ይህን ፌይልኦቨር ይሉታል። ዋናው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ፋይበር ነው። መጠባበቂያው ሲም ካርድ የገባበት የ4ጂ ሞደም፣ ከከተማ ራቅ ሲልም የሳተላይት ዲሽ ይሆናል። በባንክ ቅርንጫፍ፣ በክሊኒክ ወይም በጉዞ ወኪል ቢሮ «ሲስተም የለም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመስመር መቋረጥ ስለሆነ ለሁለተኛ መስመር የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም። ይሁንና መስመሩን ገዝቶ ማስገባት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የመጀመሪያው መስመር መሞቱን ራውተሩ ሳይታለል እንዲያውቅ ማድረግ ነው፤ ብዙ ቢሮዎች ሁለት መስመር እየከፈሉ ኢንተርኔት አጥተው የሚውሉትም እዚህ ላይ ስለሚሳሳቱ ነው።

ወደ ራውተር የሚገባ እያንዳንዱ ፓኬት፣ ማለትም ትንሽ የመረጃ ጥቅል፣ መድረሻ አድራሻውን ይዞ ይመጣል። ራውተሩ አድራሻውን በማዞሪያ ሠንጠረዡ ላይ ፈልጎ በየትኛው በር እንደሚያስወጣው ይወስናል። በሠንጠረዡ ላይ ለብቻው ያልተጻፈ አድራሻ ሁሉ፣ ማለትም መላው ኢንተርኔት ማለት ይቻላል፣ የሚወጣው 0.0.0.0/0 ተብሎ በሚጻፈው ነባሪ መንገድ ነው። ሁለት መስመር ላለው ራውተር ሁለት ነባሪ መንገዶች ይጻፉለታል፤ ለእያንዳንዳቸውም የቅድሚያ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ያነሰው ያሸንፋል። ፋይበሩ 1፣ ሲም ካርዱ 2 ቢባሉ ፋይበሩ በሠንጠረዡ ላይ እስካለ ድረስ ሲም ካርዱ ተራውን እየጠበቀ ይቀመጣል፤ ፋይበሩ ከሠንጠረዡ ሲወጣ ቦታውን ይይዛል። በሲስኮና በሚክሮቲክ ራውተሮች፣ በፒኤፍሴንስም ሆነ በኦፕንደብሊውአርቲ ሶፍትዌር የትእዛዙ አጻጻፍ ይለያያል እንጂ አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ጊዜ እያከፋፈሉ መጠቀም ሌላ ጉዳይ ነው። እሱም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው ፍጥነትን አይደምርም፤ ሁለት የ20 ሜጋቢት መስመሮች ስላሉ ብቻ አንድ ፋይል በ40 ሜጋቢት አይወርድም።

ፋይበሩ ከሠንጠረዡ የሚወጣው መቼ ነው? ከራውተሩ ጀርባ የተሰካው ኬብል ሲነቀል ራውተሩ በሩ መዘጋቱን ወዲያው ያውቃል፤ መንገዱም በራሱ ይወጣል። ግን መስመር በዚህ መልክ የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነው። ራውተሩ የተገናኘው አጠገቡ ካለው የፋይበር ሞደም ጋር ሲሆን በመካከላቸው ያለው ኬብል አንድ ሜትር አይሞላም። ሞደሙ መብራት እስካገኘ ድረስ ይህ ኬብል ሕያው ነው። የመንገድ ሥራ ኤክስካቫተር ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ፋይበሩን ቢበጥሰው፣ ወይም በአቅራቢው ድርጅት ዋና ማዕከል አንድ መሣሪያ ቢቃጠል፣ በራውተሩ በር ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት መብራቷን አታቆምም። ራውተሩም ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ፓኬቶቹን ወደ ሞተው መስመር መላኩን ይቀጥላል፤ መጠባበቂያው ሲም ካርድ አጠገቡ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ ራውተሩ መብራቷን ማመን ትቶ መስመሩን ራሱ መፈተሽ አለበት። የተለመደው መፈተሻ ፒንግ ነው፤ ትንሽ ፓኬት ወደ አንድ አድራሻ ልኮ መልስ መጠበቅ ማለት ነው። ቀላሉ አማራጭ የአቅራቢውን የመጀመሪያ መሣሪያ፣ ጌትዌይ የሚባለውን፣ ፒንግ ማድረግ ነው። የላትቪያው ሚክሮቲክ በሚሠራቸው ራውተሮች ላይ ይህን የሚያደርገው ትእዛዝ በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ መልስ ሲያጣ መንገዱን ከሠንጠረዡ ያወጣል። ከምንም ይሻላል፤ በቂ ግን አይደለም። ጌትዌዩ የአቅራቢው መግቢያ በር እንጂ ኢንተርኔቱ አይደለም። ከጌትዌዩ ኋላ ያለው ኔትወርክ ተቋርጦ እያለ እሱ «አለሁ» እያለ መልስ መስጠቱን ሊቀጥል ይችላል። ጌትዌዩ የገዛ ሞደሙ የሆነበት አሠራርም አለ፤ እንዲህ ሲሆን ራውተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ «አለህ ወይ?» እያለ ሲጠይቅ ይውላል ማለት ነው።

ፒንጉ ራቅ ብሎ፣ ከአቅራቢው ኔትወርክ ወጥቶ መሄድ አለበት። ለዚህ ብዙ ሰው የሚመርጠው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 የከፈተውን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም) አገልግሎት አድራሻ 8.8.8.8፣ ወይም ክላውድፍሌር በ2018 የከፈተውን 1.1.1.1 ነው። አዲስ ባለሙያ በብዛት የሚወድቅበት ወጥመድ ግን እዚሁ ላይ አለ።

ራውተሩ ፋይበሩን ለመፈተሽ ወደ 8.8.8.8 በየ10 ሰከንዱ ፒንግ ያደርጋል፣ ለዚህ አድራሻ ግን የተለየ መንገድ አልተጻፈለትም እንበል። ፋይበሩ ተበጠሰ። የመጀመሪያው ፒንግ ሳይመለስ ቀረ፤ ሁለተኛውም። ራውተሩ ፋይበሩን አውጥቶ ሲም ካርዱን አስገባ፤ ኢንተርኔት ተመለሰ፤ ቢሮው እፎይ አለ። ከ10 ሰከንድ በኋላ ራውተሩ እንደ ልማዱ ፒንግ ላከ። አሁን ነባሪው መንገድ ሲም ካርዱ ነውና ፒንጉ በሲም ካርዱ በኩል ወጥቶ መልሱን ይዞ ተመለሰ። ራውተሩ ፋይበሩ ዳነ ብሎ ወደ ሞተው መስመር ተመለሰ። ኢንተርኔት ጠፋ። ሁለት ፒንጎች ቀሩ፤ እንደገና ወደ ሲም ካርዱ። እንዲህ እያለ ፋይበሩ እስኪጠገን ድረስ ሲወዛወዝ ይውላል። ለተጠቃሚው ይህ ጨርሶ ከመቋረጥ የባሰ ነው፤ ገጹ ግማሹ ተከፍቶ ይቆማል፣ የተላከው ክፍያ ይድረስ አይድረስ አይታወቅም።

መፍትሔው መፈተሻውን አድራሻ ከሚፈተሸው መስመር ጋር ማሰር ነው። ወደ 8.8.8.8 የሚሄድ ፓኬት በፋይበሩ ብቻ እንዲወጣ፣ ወደ 1.1.1.1 የሚሄደው ደግሞ በሲም ካርዱ ብቻ እንዲወጣ ለእያንዳንዱ የራሱ መንገድ ይጻፋል። ኬብሉ ከራውተሩ ቢነቀል ይህም መንገድ አብሮ ስለሚጠፋ ከሥሩ ለዚያው አድራሻ የቅድሚያ ቁጥሩ ከፍ ያለ ሌላ መንገድ ይቀመጣል፤ ሥራውም ፓኬቱን የትም ሳይልክ መጣል ነው። ሁለተኛው መንገድ ካልተጻፈ ፒንጉ በሲም ካርዱ ሾልኮ ይወጣና ያው መወዛወዝ ይመለሳል። ማሰሩ የራሱ መዘዝ አለው፦ 8.8.8.8 በፋይበሩ ላይ ከታሰረ በኋላ የቢሮው ኮምፒውተሮች ይህንኑ አድራሻ ለዲኤንኤስ የሚጠቀሙ ከሆነ ፋይበሩ ሲሞት እነሱም አብረው ይታወራሉ። ለመፈተሻ የተመደበ አድራሻ ለሌላ ሥራ መመደብ የለበትም።

አንድ መፈተሻ ብቻ መያዝም አደገኛ ነው። ጉግልም ሆነ ክላውድፍሌር እነዚህን አድራሻዎች የከፈቱት ለዲኤንኤስ እንጂ የሰውን መስመር ለመፈተሽ አይደለም፤ ፒንግ ሲበዛባቸው መልስ ቢነፍጉ የሚወቀሱበት ምክንያት የለም። ጤነኛ መስመር በአንድ አድራሻ ዝምታ እንዳይፈረድበት የተለያዩ ድርጅቶች የሆኑ ሁለት ወይም ሦስት አድራሻዎችን መያዝና ሁሉም ዝም ሲሉ ብቻ መስመሩን ሞተ ማለት ይሻላል። የአድራሻዎቹ ምርጫ ቢሮው ኢንተርኔትን በሚፈልግበት ምክንያት ይወሰናል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፤ የውጭው መንገድ ሲታወክ የአገር ውስጡ ሊሠራ ይችላል። ሥራው ሁሉ ከአገር ውስጥ ባንክ ጋር የሆነ ድርጅት መስመሩን ውጭ አገር ባለ አድራሻ ብቻ ከፈተሸ ለእሱ ደህና የሆነውን መስመር ያለ ጥፋቱ ይጥለዋል። ኢሜይሉና ፋይሎቹ ውጭ አገር ያሉ ድርጅት ደግሞ በአገር ውስጥ አድራሻ ብቻ ከፈተሸ መስመሩ ለእሱ መሞቱን ሳያውቅ ይውላል።

ፍጥነትና ትዕግሥት የሚጋጩበት ቦታም አለ። ራውተሩ በአንድ የጠፋ ፒንግ መስመር የሚቀይር ከሆነ በሥራ ሰዓት መስመሩ በተጨናነቀ ቁጥር ይዘላል፤ አሥር ፒንግ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ቢሮው ከደቂቃ በላይ ኢንተርኔት አጥቶ ይቆያል። ለተራ ቢሮ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መወሰን የተለመደና በቂ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይሞት የታመመ መስመር ይበልጥ ያስቸግራል፦ ከአምስት ፒንግ አንዱ ይጠፋል፣ ድምፅ ይቆራረጣል፣ መስመሩ ግን «አለ»። ፒኤፍሴንስ ለዚህ ሲባል የጠፋውን ፓኬት በመቶኛ፣ መዘግየቱንም በሚሊሰከንድ ይለካል። በነባሪ ቅንብሩ ብክነቱ 10 በመቶ ሲደርስ ያስጠነቅቃል፣ 20 በመቶ ሲያልፍ መስመሩን እንደ ወደቀ ይቆጥረዋል፤ ለመዘግየት ያሉት ወሰኖች 200 እና 500 ሚሊሰከንድ ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ሳይነኩ መተው ሳተላይት ላይ ጉድ ያፈላል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ባለ ሳተላይት የሚያልፍ ፒንግ ደርሶ መልስ 600 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ወሰኑ ለየመስመሩ ለየብቻው ይወጣለታል።

ወደ ዋናው መስመር መመለስን በተመለከተ ቸኩሎ መመለስ ምንም ጥቅም የለውም። የተጠገነ መስመር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እየመጣ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ለመውጣት ሁለት ወይም ሦስት የጠፉ ፒንጎች የሚበቁ ከሆነ ለመመለስ ግን ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ መልስ መስጠቱን ማየት ይገባል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የሚክሮቲክ ቀላል ትእዛዝ አንድ መልስ እንዳገኘ መንገዱን የሚመልስ በመሆኑ ለዚህ አይሆንም፤ በዚያ ራውተር ላይ ትዕግሥቱን በስክሪፕት መጻፍ ያስፈልጋል።

መንገዱ በትክክል ቢቀየርም የተጀመሩ ግንኙነቶች አብረው አይሻገሩም። የቢሮው ኮምፒውተሮች በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ነው ያላቸው፤ ራውተሩ ሲያስወጣቸው በአቅራቢው በተሰጠው የውጭ አድራሻ ይተካዋል። ፋይበሩ አንድ የውጭ አድራሻ አለው፣ ሲም ካርዱ ሌላ። መስመሩ ሲቀየር በሩቁ ያለው ሰርቨር የሚያየው የማያውቀውን እንግዳ ነው። በመውረድ ላይ ያለ ፋይል ይቋረጣል፣ የቪዲዮ ስብሰባ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆማል፣ ቪፒኤን እንደገና ይያያዛል፣ የባንክ ድረ ገጽ ተጠቃሚውን አስወጥቶ የይለፍ ቃል ዳግም ይጠይቃል። በተራ ፌይልኦቨር ይህ አይቀርም፤ ተጠቃሚዎች አስቀድመው ቢያውቁት ለባለሙያው ግልግል ነው።

የኢንተርኔት ስልክ ጣጣ ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። ራውተሩ እያንዳንዱን ግንኙነት ከየትኛው የውጭ አድራሻ ጋር እንዳያያዘው በማኅደሩ መዝግቦ ይይዛል፤ መዝገቡ የሚሰረዘው ግንኙነቱ ለተወሰነ ጊዜ ዝም ሲል ነው። የቢሮ ስልክ ደግሞ ዝም አይልም። ከስልክ ሰርቨሩ ጋር ያለው መንገድ እንዳይዘጋበት በየጥቂት ሰከንዶች ትንሽ ፓኬት ይልካል። ፋይበሩ ሲሞት ይህ ፓኬት በሲም ካርዱ በኩል ይወጣል፤ በአሮጌው መዝገብ ምክንያት ግን የለበሰው የፋይበሩን አድራሻ ነው። የሲም ካርዱ ድርጅት የእሱ ያልሆነ አድራሻ የያዘ ፓኬት ሲያይ ይጥለዋል። ቢያልፍም እንኳ መልሱ ወደ ሞተው ፋይበር ነው የሚሄደው። ስልኩ መላኩን ስለማያቆም መዝገቡ ዕድሜው ይታደሳል እንጂ አይሰረዝም። ውጤቱ ግራ ያጋባል፦ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ዩቲዩብ ይከፈታል፣ ስልኮቹ ግን አንድ ሰው ራውተሩን አጥፍቶ እስኪያበራ ድረስ ዲዳ ናቸው። መድኃኒቱ መስመር በተቀየረ ቁጥር የአሮጌውን መስመር መዝገቦች መሰረዝ ነው። ፒኤፍሴንስ ለዚህ የተዘጋጀ ምርጫ አለው፤ በሌሎቹ ላይ አጭር ስክሪፕት ይበቃል። ወደ ፋይበሩ ሲመለስም ያው መደገም አለበት።

ዲኤንኤስ ሌላው ተረስቶ የሚቀር ነገር ነው። ብዙ አቅራቢዎች የዲኤንኤስ ሰርቨራቸው ከራሳቸው ደንበኞች ውጭ ላለ ሰው እንዳይመልስ ይዘጉታል። ኮምፒውተሮቹ የፋይበሩን አቅራቢ ዲኤንኤስ ይዘው በሲም ካርዱ ቢወጡ መስመሩ እየሠራ አንድም ድረ ገጽ አይከፈትላቸውም። ዲኤንኤሱን ከራውተሩ እንዲጠይቁ ማድረግና ለራውተሩ በሁለቱም መስመር የሚሠሩ አድራሻዎች መስጠት ነገሩን ይዘጋዋል።

መጠባበቂያው የሲም ካርድ ፓኬጅ ከሆነ ምን በእሱ ላይ እንደሚያልፍ መወሰን ያስፈልጋል። ፋይበሩ እንደተቋረጠ የኮምፒውተሮች ማሻሻያ፣ የሠራተኛው ስልክ ፎቶ መጠባበቂያና የእንግዳ ክፍሉ ቪዲዮ ሁሉ ወደ ሲም ካርዱ ይጎርፋሉ፤ ለወር የተገዛው ጊጋባይት ግማሽ ቀን አይቆይም። በሲም ካርዱ በር ላይ የካርድ መክፈያ ማሽኑን፣ ስልኩን፣ ኢሜይሉንና የሒሳብ ሶፍትዌሩን ብቻ የሚያሳልፍ የፋየርዎል ሕግ መጻፍ ይህን ያስቀራል። ቢሮው ውስጥ ከውጭ የሚታይ ካሜራ ወይም ሰርቨር ካለም በሲም ካርዱ በኩል እንዳይጠበቅ። የሞባይል ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የውጭ አድራሻ ኋላ ስለሚያስቀምጡ ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ አይደርስም።

የራውተሩ ቅንብር ምንም ቢያምር ሁለቱ መስመሮች አብረው የሚሞቱ ከሆነ ከንቱ ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ሁሉ ግልጹ ማስረጃ የካናዳው ቴሌኮም ድርጅት ሮጀርስ ነው። ሐምሌ 8 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በዋና ኔትወርኩ ላይ የተደረገ የቅንብር ለውጥ አንድ ማጣሪያ አነሳ፤ ዋናዎቹ ራውተሮች ከአቅማቸው በላይ በሆነ የመንገድ መረጃ ተጥለቀለቁና ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያለ አገልግሎት ቀሩ። የሮጀርስ ሞባይልና የቤት ኢንተርኔት ዋና ኔትወርካቸው አንድ ስለነበረ ሁለቱም አብረው ወደቁ። የሮጀርስ መስመር ያለውና ለመጠባበቂያ የሮጀርስ ሲም ካርድ የያዘ ሱቅ ምንም አላተረፈም። የአገሪቱ የዴቢት ካርድ መክፈያ ኢንተራክም በሮጀርስ ላይ ተደግፎ ስለነበር ሌላ አቅራቢ ያላቸው ነጋዴዎች እንኳ የዴቢት ካርድ መቀበል አቃታቸው።

በኢትዮጵያ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ ምርጫው ከአንድ ድርጅት ሁለት መስመር መግዛት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ፋይበሩን ከኢትዮ ቴሌኮም፣ ሲም ካርዱን ከሳፋሪኮም ማድረግ ይቻላል፤ ለመጠባበቂያነት ከአንድ ቤት ሁለቱን ከመግዛት ይህ በግልጽ ይበልጣል። ድርጅቱ ስለተለየ ብቻ ግን መንገዱ የተለየ ነው ማለት አይደለም። የሞባይል አንቴናውም ኢንተርኔቱን የሚያገኘው በፋይበር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ፋይበሮች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከተቀበሩ አንድ ኤክስካቫተር ይበቃቸዋል። ሁለት ፋይበር ወደ አንድ ሕንፃ የሚያስገባ ድርጅት በየት በየት እንደሚመጡ መጠየቅ ያለበት ውል ከመፈረሙ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ቦታ ኮምፒውተሮቹ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) አላቸው፤ የፋይበር ሞደሙ ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ሞደሙ፣ ራውተሩና የ4ጂ ሞደሙ ከአንድ ኮምፒውተር በጣም ያነሰ ኃይል ስለሚወስዱ አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ ሦስቱንም ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያቸዋል። ወደ ቤትና ቢሮ የሚገባው ፋይበር በብዙ ቦታ ከአቅራቢው ማዕከል እስከ ደንበኛው ድረስ በመካከሉ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ የለበትም፤ ሰፈሩ ጨልሞ እያለ ሊሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

ትልልቅ ድርጅቶች የራሳቸውን የኢንተርኔት አድራሻ ይዘው ከሁለት አቅራቢዎች ጋር ቢጂፒ በሚባለው የመንገድ መረጃ መለዋወጫ ፕሮቶኮል ይገናኛሉ። አድራሻው የእነሱ ስለሆነ መስመር ሲቀየር አይለወጥም፤ የተጀመረ ግንኙነትም ሊተርፍ ይችላል። ቢጂፒም ቢሆን በራሱ ፈጣን አይደለም፤ በሲስኮ መደበኛ ቅንብር ዝም ያለ ጎረቤትን ለመተው 180 ሰከንድ ይጠብቃል። ቢኤፍዲ የሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ሲጨመርበት ይህ ከሰከንድ በታች ይወርዳል። ራውተሩ ራሱ ቢቃጠል ቦታውን የሚተካ ሁለተኛ ራውተር የሚቀመጠውም በእንደዚህ ያሉ ቦታዎች ነው። ለአነስተኛ ቢሮ ይህ ሁሉ ከሚፈለገው በላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዝም ብሎ የሚበላሸው መጠባበቂያው ነው። ፋይበሩ ቢሞት ሁሉም ይጮኻል፤ የሲም ካርዱ ፓኬጅ ቢያልቅ ማንም አያውቅም፣ ዋናው እስኪቋረጥ ድረስ። ስለዚህ ራውተሩ ሁለቱንም መስመሮች ሁልጊዜ እየፈተሸ መስመር ሲቀየርም ሆነ መጠባበቂያው ሲሞት በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ማሳወቅ አለበት። ፒንግ የማያገኘው ነገርም አለ፦ ፓኬጁ ያለቀ ሲም ካርድ ፒንግ እያሳለፈ ድረ ገጹን ሁሉ ወደ ፓኬጅ መግዣ ገጽ ሊያዞር ይችላል። ስልኮች ከዋይፋይ ጋር ሲገናኙ «ኢንተርኔት የለም» የሚሉት አንድ የታወቀ ገጽ ከፍተው የሚጠብቁትን መልስ በማየት ነው። ለራውተሩም በፒንጉ ላይ እንዲህ ያለ ፍተሻ ቢጨመርለት ይመረጣል።

ሁሉም ተጽፎ ሲያልቅ የሚቀረው መፈተን ነው። ብዙ ጫኚዎች ኬብሉን ከራውተሩ ጀርባ ነቅለው ኢንተርኔቱ ሲመለስ ያሳዩና ይሄዳሉ። ይህ ግን ራውተሩ ያለ ምንም ፒንግ የሚያውቀውን ቀላሉን ብልሽት ብቻ መፈተን ነው። የሚነቀለው የፋይበሩ ገመድ ነው፣ ከፋይበር ሞደሙ ላይ፤ የራውተሩ አረንጓዴ መብራት እንደበራች። በገመዱ ጫፍ የሚወጣው ጨረር ለዓይን ስለማይታይ ወደ ውስጥ ማየት አይገባም፤ ጫፉንም አቧራ እንዳይነካው መክደን ያስፈልጋል። ከዚያ ኢንተርኔቱ በስንት ሰከንድ እንደተመለሰ ይመዘገባል፣ በቢሮው ስልክ ይደወላል፣ በካርድ ማሽኑ አነስተኛ ክፍያ ይሞከራል፣ ገመዱ ሲመለስም ራውተሩ ሳይወዛወዝ መመለሱ ይታያል። በወር አንድ ጊዜ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ቢደረግ ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም።